ስድሳ እርምጃ ውኃ

ጋሽ ካሣሁን ከአባ ኮዳ ጋር የተጣላው መኪናውን ባሳጠበ በሃያ ደቂቃው ነው። አባ ኮዳን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ናይሮቢ ውስጥ ረጅም ግራር ባለበት ሁሉ የሚሰፍር፣ አናቱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ሲራመድ ጡረታ የወጣ ዳኛ የሚመስል ትልቅ ወፍ ነው። መልኩስ የፈጣሪ ሥራ ነው፣ እንተወው። ጉዱ ያለው ከላይ ሆኖ የሚለቀው ነገር ላይ ነው። ጠብታ እንዳይመስላችሁ! ጠብታ ቢሆን ማን አፉን ይከፍት ነበር? ኖራ በባልዲ በጥብጦ የሚደፋ ነው የሚመስለው።

ቦታው ሁርሊንግሃም፣ የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ከበሩ ገባ ብሎ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው አንድ ግራር አለ። ከሥሩ መኪና ይቆማል፤ ከአናቱ አባ ኮዳ ይቆማል። የጋሽ ካሣሁን ነጭ ፕሮቦክስ መኪና በየእሑዱ ንጹሕ ሆና ትገባለች፣ ዥጉርጉር ሆና ትወጣለች። እሱ ደግሞ የግቢ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። ሰብሳቢ ሆኖ እንዲህ መዋረድ!

ሁለት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው «ይህ ዛፍ ይቆረጥ» አለ። ግራሩ ቢነሣ ዘጠኝ መኪና እንደሚያቆም ካርቶን ላይ ሥሎ አሳየ። ሰዉ በመጨረሻ እጁን ያወጣው አምኖበት አይደለም፣ ሰልችቶት ነው። ከካውንቲው መስተዳድር ፈቃድ ወጣ፣ ሳኒ የሚባል ባለ መጋዝም ተገኘ። ሳኒ ሥራ በዝቶበት ስለነበር ቀጠሮው ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ሆነ። ጋሽ ካሣሁን «ሳ ሲታ» ብሎ ደጋግሞ ነገረው። በሰዓት ነገር ስዋሂሊና አማርኛ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ በሁለቱም ስድስት ሰዓት እኩለ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ቀን መቁጠር ብቻ ነበር።

ሰውዬውን በደንብ ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ካሣሁን ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ናይሮቢ በስደት ከገባ ሃያ አራት ዓመት ሆኖታል። ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ አበባ ወደ ውጭ ከመጫኑ በፊት የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ የካርቶኖቹን ሙቀት ይቆጣጠራል። ውጭ ሰው በላብ ሲጠመቅ እሱ በካፖርትና በሱፍ ኮፍያ ይዞራል። በእጁ ያላለፈ የጽጌረዳ ዓይነት የለም፤ በሕይወቱ ግን አንዲት ችግኝ ተክሎ አያውቅም። ይህንንም እንደ ኩራት ነው የሚያወራው። «እኔ የማውቀው መላክ ነው» ይላል፤ «መትከል የሌላ ሰው ሥራ ነው።»

ልጁ ሐሊና ዌስትላንድስ ጌም የሚሠራ ቢሮ ተቀጥራ የጌም መሬት ትሥላለች፤ ተራራውን፣ ወንዙን፣ ሣሩን። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «ልጅህ ምን ትሠራለች?» ሲሉት «ኮምፒውተር ላይ ናት» ብሎ ያልፋል። «ልጄ የሌለ ተራራ ትሥላለች» ብሎ ማውራት ከብዶት ነው።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሐሊና ፊቱ ተደነቀረች።

«አባዬ፣ ፕሊዝ፣ ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው ፈልጉ ተብለናል። ከአንተ የተሻለ አላገኘሁም።»

«ምን ማለት ነው? መሃይም አምጪ ተባልሽ?»

«ኖ! ንጹሕ ሰው። ያልተነካካ።»

«ንጹሕ» የምትለው ቃል ደስ አለችው። ስልኩን አቀበላት፣ ጫነችለት።

የጌሙ ስም «ሸለቆ» ነው። ሲከፈት አንድ ሸለቆ ይታያል፤ ወዲህ ወንዝ፣ ወዲያ ኮረብታ፣ መሃሉ ላይ አንድ ግዙፍ ዋርካ፣ ዙሪያውን ደግሞ ጥፍር የሚያካክሉ ሰዎች። ጽሑፍ የለም፣ መመሪያ የለም፣ ነጥብ የለም።

«ምን ላድርግ?» አለ።

«ደስ ያለህን።»

ጋሽ ካሣሁን ሸለቆውን አንዴ ገረመመው። «ይህ ዋርካ መንገድ ዘግቷል። ጋሪ የት ሊቆም ነው?» አለና የመጥረቢያዋን ሥዕል በጣቱ ነካት። አንድ ጊዜ ብቻ። ዋርካው ተገንድሶ ወደቀ፣ አቧራው ቦነነ፣ አናቱ ላይ የነበሩት ወፎች ተነሥተው ከስክሪኑ ወጥተው ሄዱ።

«አየሽ?» አለ ጉልበቱን መታ አድርጎ። «ሥራ ማለት ይህ ነው! ኮሚቴ የለ፣ ስብሰባ የለ!»

ሐሊና ከንፈሯን ነክሳ እናቷን ልታግዝ ወደ ኩሽና ሄደች።

እራት እስኪቀርብ ድረስ ሸለቆው እንዳልነበር ሆነ። ለካ እነዚያ ጥፍር የሚያካክሉ ሰዎች ነገር የሚጨርሱት ዋርካው ሥር ተቀምጠው ኖሯል። አሁን በአንዲት ግድግዳ ጥላ እየተገፋፉ ተደባደቡ። ሰርግ ነበር፤ ታዳሚው ሁሉ ፀሐይ ላይ ሲንቃቃ ቆይቶ ሰርጉ ፈረሰ። ጥራጊ ይለቅሙ የነበሩት ወፎች ስለሄዱ ቆሻሻው ተቆለለ፣ ዝንብ ወረሰው። ኮረብታው ተሸርሽሮ ወንዙ ደፈረሰ። ሌላው ይቅር፣ ቦታ የተለቀቀላት አህያ ራሷ ፀሐይ ላይ አልቆምም ብላ ጋሪዋን ጥላ ሄደች።

ከሁሉ ከሁሉ ግን አንዲት አሮጊት። ዘንቢል ይዛ ትመጣለች፣ ዋርካው የነበረበት ቦታ ትቆማለች፣ ቀና ብላ ወደ ላይ ታያለች፣ ተመልሳ ትሄዳለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትመጣለች።

«ይህቺ ሴትዮ ምን ትፈልጋለች?» ብሎ ጮኸ ጋሽ ካሣሁን።

«እዚያ መቀመጥ ለምዳ ይሆናል» አለች ሐሊና ከኩሽና።

«ታዲያ ለምን አትሰድበኝም? ብትሰድበኝ እኮ ይቀለኝ ነበር!»

«እዚህ ጌም ላይ ማንም አይሰድብህም፣ ማንም አይሰብክህም አባዬ። መሬቱ ነው የሚናገረው። እኔ እኮ ይህን ነው የምሠራው።»

ጋሽ ካሣሁን ዕድሜውን ሙሉ ሲሰበክ የኖረ ሰው ነው፤ ስብከት ቢሆን መልስ አያጣለትም ነበር። አፍ ለሌለው መሬት ግን ምን ተብሎ ይመለሳል? እንጀራውን ጠቅልሎ አፉ ዘንድ አደረሰና መልሶ አስቀመጠው። አሮጊቷ ደግማ መጥታለች።

«በይ ዛፉን መልሺልኝ» አለ።

«አይመለስም። መትከል ግን ትችላለህ።»

«እተክላለሁ። ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«አርባ ቀን።»

«የጌም ቀን?»

«የናይሮቢ ቀን።»

ጉድ ፈላ! ሕጉን ስትነግረው ደግሞ ይባስ። ችግኟ በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ውኃ ትፈልጋለች፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ አትጠብቅም። ውኃውም በጣት ተነክቶ የሚፈስስ አይደለም። ከወንዙ ይቀዳና ስልኩ እንደ ሙሉ ሳህን በሁለት እጅ ተይዞ በእውነተኛ እግር ስድሳ እርምጃ ይሄዳል። ስልኩ ካዘነበለ ውኃው ይፈሳል። ወንዙ ዋርካው ከወደቀ ወዲህ ስለከሳ በቀን ከአንድ ቅል በላይ አይሰጥም። አንድ ቀን ያመለጠ እንደሆነ ችግኟ ትደርቃለች፤ ከአንድ መጀመር ነው።

«በእኩለ ቀን ተክል የሚያጠጣ ምን ዓይነት እብድ ነው? በጧት ነው እንጂ!» አለ፣ ተክሎ የማያውቀው ሰውዬ።

«ከሥራህ መሃል ካልነጠቀህ መንከባከብ አይባልም ብለን ነው።»

«ማነው ይህን ያለው?»

«እኔ» አለች ሐሊና።

በማግሥቱ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ኢምባካሲ ቀዝቃዛው መጋዘን ውስጥ፣ አንድ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ስልኩን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አስተካክሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ በአበባ ካርቶኖች መሃል እንቁላል ላይ እንደሚሄድ ሰው መራመድ ጀመረ። «አንድ… ሁለት… ሦስት…» ካርቶን የምትገፋው ሩዋይዳ አይታው ደነገጠች። ወገቡን ያመመው መስሏት «ፖሌ፣ ምዜ» አለች፤ አይዞህ ሽማግሌው ማለቷ ነው። በማግሥቱ የወገብ ቅባት ይዛለት መጣች። እምቢ ማለት ነውር ሆነበትና ተቀበላት፤ ሳምንቱን ሙሉ መጋዘኑ ጽጌረዳ መሽተቱን ትቶ ቅባት ቅባት ሸተተ። በሁለተኛው ሳምንት እውነቱን ሲነግራት ሩዋይዳ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ግን ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋሪዋን ይዛ ከፊት ከፊቱ እየሄደች መንገድ ታስለቅቅለት ጀመር።

እሑድ እሑድ ደግሞ ስብከቱ መሃል ላይ ተነሥቶ ይወጣል። ሚስቱ ፍቅርተ ሦስተኛው እሑድ ላይ ፈራች። «ካሣ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው ሽንትህ የሚመጣው። ስኳር እንዳይሆን ተመርመር» አለችው። ተመረመረ፤ ስኳር የለበትም። ምን ይበላት? ችግኝ አለብኝ ይበላት?

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ችግኟ አራተኛ ቅጠሏን አወጣች። በሃያኛው አሮጊቷ ወደ ላይ ማየቷን ትታ ወደ ታች፣ ወደ ችግኟ ማየት ጀመረች። በሠላሳኛው ቀን ያልታሰበ ነገር ሆነ፤ ከስክሪኑ ዳር አንዲት ወፍ ተመልሳ መጥታ ችግኟ ላይ አረፈች። ጋሽ ካሣሁን «መጣች! መጣች!» ብሎ መጋዘኑን አናወጠው። የአባ ኮዳ ባላጋራ ስለ አንዲት ወፍ እልል ሲል እግዜር ያሳያችሁ!

ይሁንና ጣጣው እዚህ ላይ ጀመረ። ዐይን አንዴ ከተከፈተ አይከደንም። በዚያ ሳምንት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ግራሩን ቀና ብሎ አየው። ከግቢው አጥር ውጭ፣ የግራሩ ጥላ በሚያርፍባት ቦታ፣ አትክልት የምትሸጥ አንዲት ባልቴት ሱኩማ የሚሉትን ጎመኗን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሰፈርተኛው ማማ ምቦጋ ይላታል፤ አትክልት ሻጭ ሁሉ እዚህ አገር የሚጠራው እንዲሁ ነው። ለካ ይህቺ ሴት ሁልጊዜ እዚያ ነበረች። ጋሽ ካሣሁን ሁለት ዓመት ሙሉ ካርቶን ላይ ያንን ሁሉ መኪና ሲሥል እሷን አልሣላትም።

«ታዲያ ለምን መጋዙን አልሰረዘም?» ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ጋሽ ካሣሁንን አታውቁትማ! ሁለት ዓመት የለፈለፈ ሰው ተነሥቶ «ስልኬ ላይ አንዲት አሮጊት አይቼ ሐሳቤን ቀየርኩ» ይበል? ከአፍ የወጣ አፋፍ። ደግሞስ ያ ሁሉ ፈቃድ፣ ያ ሁሉ ፊርማ! ሳምንቱን እንዲሁ ገፋና ዓርብ ዕለት ከአበባ ካርቶን ጀርባ ተደብቆ ለሳኒ ደወለ፤ በጓሮ በር ነገሩን ሊጨርሰው። የሳኒ ስልክ ግን አይሠራም። ያቺ በስዋሂሊ «ደንበኛው አይገኝም» የምትል ሴት ብቻ አሥር ጊዜ መለሰችለት። «ግዴለም» አለ ለራሱ፤ «ናይሮቢ ውስጥ በቀጠሮው የመጣ ባለሙያ ማን አይቶ ያውቃል? ሰኞ እነግረዋለሁ።»

ቅዳሜ ደረሰ። ለችግኟ ሠላሳ ዘጠነኛ ቀኗ ነው፤ ነገ አርባ ይሞላታል። ለቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ የጾም ጸሎት ቀን ነው፤ ከጧቱ ሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። በጾም ጸሎት ቀን ማንም ስልክ ይዞ አይገባም። በሩ ላይ መሶብ የሚያህል ቅርጫት አለ፤ ስልክ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ቅርጫቱን የምትጠብቀው የጸሎት ክፍሏ ኃላፊ እህት ሙሉነሽ ናት፤ እሷን አልፎ የገባ ስልክ እስካሁን የለም። ይህን ሕግ ማን አወጣው? ጋሽ ካሣሁን ነዋ! አምና የአንድ ሰው ስልክ ጸሎት መሃል የሰርግ ዘፈን ስለዘፈነ፣ ጠረጴዛ ደብድቦ ያጸደቀው እሱ ነው። ጉድጓድ ሲምሱ አርቀው አይማሱ፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዐይኑ ከግድግዳው ሰዓት ላይ አልነቀል አለ። አዳራሹ ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ግማሹ ተንበርክኮ ግማሹ ወዲያ ወዲህ እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልያል። ጋሽ ካሣሁንም ተነሣና እየጸለየ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። ነገር ግን «ወዲያው» ከ«ወዲህ» ይረዝም ነበር። «ጌታ ሆይ መንገድ ክፈት!» ይላል፣ ሁለት እርምጃ ወደ በሩ። «ጌታ ሆይ ጋርደኝ!» ይላል፣ ሦስት እርምጃ። «የጠባቂዋን ዐይን ያዝልኝ!» ብሎ ቅርጫቱ ጋ ደረሰ። እጁን ከትቶ ጥጉ የተሰነጠቀውን የራሱን ስልክ በዳበሳ አገኘው። ቀና ሲል እህት ሙሉነሽ አንድ ዐይኗን ገልጣ እያየችው ነው።

«ወንድም ካሣሁን» አለች በሹክሹክታ፣ «ምን እያደረግህ ነው?»

«ነፍስ ላድን ነው እህቴ።»

«የማንን ነፍስ?»

በጾም ቀን መዋሸት አይቻልም። «የችግኝ» አለ። እህት ሙሉነሽ ሁለተኛውን ዐይኗን እስክትገልጥ ከበሩ ወጥቷል።

ስድስት ሰዓት ከሁለት። ከአዳራሹ ጀርባ ቆሞ ጌሙን ከፈተ፣ ከወንዙ ውኃውን ቀዳ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። አንድ… ሁለት… ሦስት… የአዳራሹን ጥግ ዞረ። ሃያ… ሃያ አንድ… ውኃው ስክሪኑ ላይ ይዋልላል፣ አልፈሰሰም። አርባ… አርባ አንድ… በዚህ መሃል ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ ተነሣ። ግርርርር! ጋሽ ካሣሁን ቀና አለ። ሳኒ! በናይሮቢ ታሪክ የመጀመሪያው በሰዓቱ የመጣ ባለሙያ! ከሁለት ሠራተኞች ጋር ግራሩን በገመድ አስሯል፣ ጆሮው ላይ መሸፈኛ አድርጓል፣ መጋዙን አንሥቷል።

«ሲማማ! ቁም!» ብሎ ጮኸ። ማን ይሰማዋል?

ለችግኟ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ቀርቷታል። እንደ ጀመረው ቀስ ብሎ ቢሄድ ውኃው ይደርሳል፣ ግራሩ ግን አይተርፍም። ቢሮጥ ይፈሳል። ሠላሳ ስምንት ቀን! ካፖርት፣ የወገብ ቅባት፣ የስኳር ምርመራ፣ የሩዋይዳ ጋሪ፣ ያቺ የተመለሰች ወፍ! ጋሽ ካሣሁን አንዴ ስልኩን አየ፣ አንዴ ግራሩን አየ። ከአጥሩ ማዶ ማማ ምቦጋ መጋዙን ሰምታ ተነሥታለች፤ ቀና ብላ ወደ ላይ እያየች ነው።

«እናቴ ድረሺ!» አለና ሮጠ።

ከረባቱ ትከሻው ላይ እየተውለበለበ፣ ስልኩ እጁ ውስጥ እየተገለባበጠ፣ ውኃው ሁሉ እየፈሰሰ፣ የስድሳ አንድ ዓመቱ ሰውዬ እንደ ጎረምሳ ሮጦ መጋዙና ግንዱ መሃል ገባና ግራሩን በሁለት እጁ ተጠመጠመበት። መጋዙ ልጡን አንዴ ነክሶ ነበር፤ ሳኒ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ።

«ምዜ! አብደሃል? ልገድልህ ነበር እኮ! አንተው ራስህ አይደል ሳ ሲታ ያልከኝ?»

«ብያለሁ።»

«አንተው ራስህ አይደል አሥር ጊዜ እንዳትረሳ ያልከኝ?»

«ብያለሁ፣ ብያለሁ! ይቅር በለኝ!»

በዚህ ጊዜ በመጋዙ ድምፅ የተደናገጡት አባ ኮዳዎች አናት ላይ ተንቀሳቀሱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር አልነግራችሁም፤ የኖራውን ባልዲ አስታውሱ። ምእመናኑ ጸሎቱን አቋርጠው ሲወጡ ያገኙት ከአናቱ እስከ ከረባቱ ነጭ የሆነ የግቢ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ያስፈረደበትን ዛፍ አቅፎ ሲያለቅስ ነው።

ፍቅርተ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር» አለች፣ «እኔን አንድ ቀን እንዲህ አቅፎኝ አያውቅም።»

ሳቅ ሆነ። ፓስተሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ወንድም ካሣሁን፣ ነገሩን ንገረን እንጂ» አለው። ምን ቀረ! ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ሁሉንም ዘረገፈው፤ መጥረቢያዋን አንዴ መንካቱን፣ የፈረሰውን ሰርግ፣ አርባውን ቀን፣ አሮጊቷን።

«አሮጊቷ የት ነው የምትኖረው?» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ ሊጠይቃት ፈልጎ።

«ስልኬ ውስጥ» አለ ጋሽ ካሣሁን። ከዚያ በጣቱ ወደ አጥሩ አሳየ። «እዚያም አለች። ሱኩማ የምትሸጥልንን ሴት የጥላዋን ቦታ ሰጥቼባት ነበር። ለፕሮቦክስ። ለፕሮቦክስ እኮ ነው ጎበዝ!» ማንም አልሳቀም።

እህት ሙሉነሽ ቅርጫቷን እንዳቀፈች ወደ ፊት ወጣች። ሁሉም ስለ ስልኩ ልትቆጣው ነው ብሎ ጠበቀ። ከኪሷ ሶፍት አውጥታ ግንባሩን ጠረገችለት።

«በዚያ ድምፅ መስጫ ቀን እጄን ያላወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ» አለች። «ለምን እንደሆነ ልናገር ስል አንተ ካርቶንህን ታወጣለህ። በል አሁን ስልኩን መልስ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።»

መለሰ። ቅርጫቱ ውስጥ ሲያስቀምጠው ስክሪኑን አንዴ አየ። ችግኟ ደርቃለች፤ ወፏም የለችም።

ከሰዓት በኋላ ቤት ሲገባ ሐሊና ሁሉንም ከእናቷ ሰምታ በር ላይ ጠበቀችው። አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ አይዞህ። ከቢሮ እመልስልሃለሁ። ሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ላይ አደርግልሃለሁ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

ጋሽ ካሣሁን ስልኩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። «እንዳትነኪው!» አለ። «በሁለት ደቂቃ የሚመለስ ቢሆን እኔ ዛሬ ለምን ሮጥኩ? ከአንድ እጀምራለሁ።»

«ሌላ አርባ ቀን?»

«ሌላ አርባ ቀን። ሩዋይዳ እንደሆነ መንገዱን ታውቀዋለች።» ደግሞም «አሮጊቷን ብቻ እንድትጠብቀኝ ንገሪልኝ» አለ።

«አባዬ፣ እሷ እኮ ጌም ናት። አትሰማም።»

«ንገሪያት አልኩሽ።»

እሑድ ጧት ሰዉ መኪናውን ከግራሩ አርቆ ጥጋጥጉን ሲሻማ፣ ጋሽ ካሣሁን ነጯን ፕሮቦክስ ልክ የአባ ኮዳዎቹ ጎጆ ሥር፣ ማንም በማይፈልገው ቦታ አቆማት። ፍቅርተ «ልትበላሽ ነው እኮ!» አለችው። «ሌላ ሰው እዚህ ቆሞ ዛፉ ይቆረጥ እንዳይል ነው» አላት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከስብከቱ ተነሥቶ ወጣ፤ በዚህ ጊዜ ማንም ስኳር አለበት አላለም። ልጡ ላይ የመጋዙ ጠባሳ ካለበት በኩል ቆሞ ጌሙን ከፈተ።

ሸለቆው ያው ባዶ ነው። አዲሷ ችግኝ የክብሪት እንጨት ታክላለች። አጠገቧ ግን ትናንት ያልነበረች አንዲት ትንሽ የእንጨት ዱካ ተቀምጣለች። አሮጊቷ ዘንቢሏን አስቀምጣ ዱካዋ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ላይ አታይም፣ ተመልሳም አትሄድም፤ ትጠብቃለች።

ጋሽ ካሣሁን ቀና ብሎ ልጁን ፈለጋት። ሐሊና የአዳራሹ በር ላይ ቆማ ስብከቱን እንደምታዳምጥ ሰው ወደ ሌላ በኩል ታያለች። ውኃውን ቀዳ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ፣ «መጣሁ እማማ» አለና መቁጠር ጀመረ።